ኳስ የማይነካው ውድ ሰው፦ የኮሌጅ ላይንማን ለኤንኤፍኤል ሲመረጥ ምኑ ይታያል?

 

ኤፕሪል ሲቃረብ የድራፍት ወሬ ይበዛል። በቪዲዮ ስለ ኳርተርባኮች ብዙ ብለናል። ከእናንተ የሚደርሰን ጥያቄ ግን እየጨመረ የመጣው ስለ ሌላ ሰው ነው። ልጆቻቸው እዚህ አሜሪካ ሃይስኩል ፉትቦል የጀመሩ አባቶችና እናቶች «ልጄ ግዙፍ ነው፤ አሰልጣኙ ላይን ላይ አሰለፈው፤ ክብደት ጨምር እያለው ነው፤ ይሄ ቦታ የት ያደርሰዋል? መራጮቹስ ምኑን አይተው ነው የሚወስዱት?» ይሉናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ፊት ለፊቱ ሲጋፋ የሚውለውን ግን እናቱ እንኳን በጨዋታው መሃል ትፈልገዋለች እንጂ አታገኘውም።

ስለ ጨዋታው ብዙም ለማታውቁ በአጭሩ እንበል። ኳስ የያዘው ቡድን ፊት ለፊት አምስት ሰዎች ይደረደራሉ። መሃል ላይ ሴንተሩ አለ፤ ኳሱን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ የሚያቀብለው እሱ ነው። ከሱ ግራና ቀኝ ሁለት ጋርዶች፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ታክሎች ይቆማሉ። ከሴንተሩ በቀር ኳስ የሚባል ነገር እጃቸው አይገባም ማለት ይቻላል። ሥራቸው ኳርተርባኩን ከሚያሳድዱት ሰዎች መጠበቅና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው።

ለምን ውድ ሆኑ ለሚለው በኖቬምበር 18 ቀን 1985 ማታ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አርኤፍኬ ስታዲየም የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የኒውዮርክ ጃያንትሱ ላውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይዝማንን ጥሎ እግሩን ሰበረው። ታይዝማን ከዚያ ማታ በኋላ አልተጫወተም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዞር ጀርባው ለግራ በኩል ይጋለጣል። እኛ ታክሲ የምንነዳ ሰዎች በመስታወት የማይታየውን ቦታ እናውቀዋለን፤ መኪናው አጠገባችሁ አለ፣ እናንተ ግን አታዩትም። ግራ ታክል ማለት ያንን ቦታ የሚጠብቅ ሰው ነው። ዛሬ ታምፓ ቤይ ለትሪስታን ዊርፍስ በ2024 ለአምስት ዓመት ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈረመው ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ዲትሮይት ለፔኔ ስዌል ለአራት ዓመት 112 ሚሊዮን ፈርሟል፤ እሱ እንዲያውም ያኔ የሚጫወተው በቀኝ በኩል ነበር። አሳዳጆቹ አሁን ከሁለቱም ጎን ስለሚመጡ የቀኙም ዋጋ ንሯል።

ሜትርና ሚዛን የሚነግሩን

ሯጭ ስንት ያርድ እንደሮጠ ይቆጠራል፣ ተቀባይ ስንት ኳስ እንደያዘ ይቆጠራል። ላይንማን ግን የሚቆጠርለት የለውም። ያሳለፈው ሰው ብቻ ነው የሚቆጠርበት። አንዳንድ ድርጅቶች እያንዳንዱን ጨዋታ አይተው ነጥብ ይሰጣሉ፣ ይጠቅማልም። ነገር ግን ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት ማንን እንዲይዝ ታዞ እንደነበር የሚያውቁት አሰልጣኙና እሱ ናቸው። የጎረቤቱን ጥፋት ተሸክሞ ነጥብ የሚያጣ አለ፣ ጎረቤቱ ሸፍኖለት ጎበዝ የሚባልም አለ።

ቁጥር ሲጠፋ ሰው ወደ ሜትር ይሮጣል። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኮምባይን የሚባለው ምርመራ ይደረጋል። የተጀመረው ለሕክምና ምርመራ ነው፤ እስከ ዛሬም ለቡድኖቹ ትልቁ ነገር እሱ ነው፦ ጉልበት፣ ትከሻ፣ ጀርባ። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ግን ሩጫውን ነው። ግማሽ ራቁታቸውን መድረክ ላይ እየወጡ ቁመታቸው፣ ክንዳቸው፣ መዳፋቸው ሲለካ ላየ ሰው ደስ የማይል ነገር አለው። ብዙዎች የባሪያ ገበያ ይመስላል ብለው ተችተውታል፣ እኛም ስናየው አይመቸንም።

ለማንኛውም፣ ትልቁ ክርክር ክንድ ላይ ነው። ለታክል 34 ኢንች ክንድ ጥሩ ነው ይባላል፤ ከ33 በታች ከሆነ «ይሄ ጋርድ ነው» ይሉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ሲጋጠም ቀድሞ ደረት የነካ ያዛል። አሳዳጁ ረጅም ክንድ ኖሮት እናንተ አጭር ከሆናችሁ እጃችሁ ሳይደርስ የሱ እጅ ደረታችሁ ላይ ነው። ጫፍ ላይ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ይሄ ይጎዳል። መሃል ግን ሁሉም ተጠጋግቶ ስለሚጋጠም ያን ያህል አይደለም።

ምክንያቱ እውነት ሆኖ ሳለ ሰዎቹ ግን ደንቡን እያፈረሱት ነው። ጆ ቶማስ በ2007 በሦስተኛ ምርጫ ክሊቭላንድ ሲገባ ክንዱ 32 ኢንች ተኩል ነበር። ያለ ማቋረጥ 10,363 ጊዜ ተሰለፈ፣ በ2023 ዝነኞች አዳራሽ ገባ። በ2021 ራሾን ስሌተር በ33 ኢንች ክንድ ቻርጀርስ ገብቶ ግራ ታክል ሆነ። ከሱ በኋላ በዚያው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሱን ቦታ የያዘው ፒተር ስኮሮንስኪ ደግሞ 32 ከሩብ ስለነበር ቴነሲ በ2023 በ11ኛ ምርጫ ወስዶ ጋርድ አደረገው። የኤልኤስዩው ዊል ካምቤል በ2025 በኮምባይኑ ሲለካ 33 አልሞላም፣ ኒው ኢንግላንድ ግን አራተኛ ምርጫውን አውሎበት ታክል ነህ አለው። እንደ እኛ አስተያየት ክንድ የበር ጠባቂ ነው። አጭር ክንድ ያለው ልጅ ከሌላው ይልቅ እግሩና የእጅ ቅልጥፍናው የበለጠ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሜትሩ አጭር ካለ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ማየት ነው።

ከብረት ማንሳቱ ብዙ አትጠብቁ። 225 ፓውንድ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ጤፍ ያህል ክብደት፣ በጀርባ ተኝቶ ስንት ጊዜ ገፋ ነው ጨዋታው። ክንዱ የረዘመ ሰው ብረቱን ብዙ መንገድ ስለሚያስኬደው በቁጥር ይበለጣል። 40 ያርድ ሩጫም ለዚህ ሰው ብዙ ትርጉም የለውም፤ በጨዋታ ላይ 40 ያርድ የሚሮጠው ኳሱ ከተነጠቀ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን 10 ያርድ በስንት ሴኮንድ ጨረሰ የምትለዋን ግን ያዙ። ዝላዩንም ያዙ፣ የእግር ፍንዳታ የሚታየው እዚያ ነው።

የኦክላሆማው ኦርላንዶ ብራውን ጁኒየር በ2018 ኮምባይን ላይ 40 ያርዱን በ5.85 ሴኮንድ ሮጠ፣ ብረቱን 14 ጊዜ ብቻ ገፋ። ሰው ሳቀበት። ከመጀመሪያው ዙር ወርዶ በሦስተኛው ዙር በ83ኛ ምርጫ ባልቲሞር ወሰደው። ከዚያ አራት ጊዜ ፕሮ ቦውል ተመረጠ፣ ከካንሳስ ሲቲ ጋርም ሱፐር ቦውል በላ። ዘገምተኛነቱ እውነት ነበር። ግን እሱን ዞሮ ለማለፍ ብዙ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሰውየው ግድግዳ ነው።

ፊልሙ የሚነግረን

አገር ቤት በሬ የሚገዛ ገበሬ ቀንዱንና ትከሻውን አይቶ ብቻ ብር አይቆጥርም። ያስኬደዋል፣ ያዞረዋል፣ ሰኮናውን ያያል። ላይንማንም እንደዚያው ከእግር ነው የሚጀመረው።

ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲያፈገፍግ ታክሉ ወደ ኋላና ወደ ጎን በፍጥነት ያንሸራትታል። እግሮቹን አያጋጥምም፣ አያቆላልፍም። የውጭኛው እግር ይረግጣል፣ የውስጠኛው ይከተላል፣ ሚዛኑ ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው። መጥፎው ምልክት ምንድን ነው? ተሸንፎ ሲዞር ጀርባውን ወይም ትከሻውን ለጎን መስመር መስጠት። እንደዚያ ያደረገ ልጅ አሳዳጁ ወደ ውስጥ ሲታጠፍበት መመለሻ የለውም። ኮሌጅ ላይ ጉልበቱ ያድነዋል፣ ኤንኤፍኤል ላይ አያድነውም።

ሁለተኛው ጉልበት ማጠፍ ነው። ኩንታል የሚያነሳ ተሸካሚ አይታችኋል አይደል? ከወገቡ ቢጎነበስ ይቀጫል። ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ነው የሚነሳው። ከወገቡ የሚታጠፍ ላይንማን ግንባሩን አስቀድሞ ይወድቃል፣ የሳቡት እንደሆነ አፈር ይልሳል። ጉልበቱን የሚያጥፈው ግን ደረቱን ቢገፉትም ዳሌውን ዝቅ አድርጎ መሬቱን ይይዛል። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ የሚቆም ከሆነ ጥሩ ነው። ኳርተርባኩ እግር ላይ እስኪደርስ የሚገፋ ከሆነ የሰውነት ጥንካሬ ገና ይቀረዋል ማለት ነው። ይሄኛው በሁለት ዓመት ጂም ይስተካከላል። ቀርፋፋ እግር ግን በጂም አይስተካከልም፤ መራጮች «እግር ካለው እንወስደዋለን» የሚሉት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ እጅ። ጎበዙ እጁን ከውስጥ፣ ደረት ላይ ያሳርፋል። ደካማው ከውጭ አቅፎ ትከሻ ይይዛል፤ ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ይወረውራል፣ 10 ያርድ ይቀጣል። ሁልጊዜ ሁለቱን እጅ አንድ ላይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት የሚወረውር ልጅም ይታወቅበታል፤ ተንኮለኛ አሳዳጅ ያንን ጠብቆ እጁን መትቶ ያልፋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ዓይን ነው። ተከላካዮቹ ሁለት ሆነው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የታክሉ ሰው ወደ ውስጥ ይገባል፣ የጋርዱ ሰው በጀርባው ዞሮ ወደ ውጭ ይወጣል። ታክሉ የራሱን ሰው ለጋርዱ አስረክቦ የመጣውን መቀበል አለበት። ይሄ ሁሉ ከሁለት ሴኮንድ በታች ነው። የራሱን ሰው ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ልጅ ጎኑን ክፍት ይተዋል። አምስቱ እንደ ጥንድ በሬ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢጎብዝ ትልሙ አይስተካከልም። ሴንተር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ከፊቱ ያለውን አሰላለፍ አንብቦ ለአራቱ የሚጮህላቸው እሱ ነውና።

ለሯጩ መንገድ ሲከፍትስ? እዚህ ላይ ጋርዱን እዩት። የመጀመሪያውን ሰው ገፍቶ፣ ለጎረቤቱ ትቶ፣ ወደ ሁለተኛው መስመር ወጥቶ ላይንባከሩን ያገኘዋል ወይስ አየር አቅፎ ይወድቃል? የኖትርዳሙ ኩዌንተን ኔልሰን በ2018 ጋርድ ሆኖ ሳለ በስድስተኛ ምርጫ ኢንዲያናፖሊስ የወሰደው ይሄን ደጋግሞ ስላሳየ ነው። ለጋርድ እንደዚህ ያለ ቦታ ብርቅ ነው።

የሚያታልሉ ነገሮች

የኮሌጅ ጨዋታና የኤንኤፍኤል ጨዋታ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ኮሌጅ ላይ ኳሱ ቶሎ ይወጣል፤ ኳርተርባኩ ሩጫ ይሁን ውርወራ ባለቀ ሰዓት ይወስናል፣ ላይንማኑም ለሩጫ እንደሚገፋ ሆኖ ወደፊት ይሄዳል። ደንቡም ይፈቅድለታል፤ ኳሱ ሳይወረወር እስከ 3 ያርድ መሄድ ይችላል። ኤንኤፍኤል ላይ የሚፈቀደው 1 ያርድ ነው። ስለዚህ «ይሄ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሳክ ብቻ ነው ያሳለፈው» ሲሏችሁ፣ ኳሱ ስንት ሴኮንድ ይቆይ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ስካውቶች የሚፈልጉት ሦስተኛ ሙከራ ሆኖ ብዙ ያርድ የቀረበትን፣ ሁሉም ሰው ውርወራ መሆኑን የሚያውቅበትን ቅጽበት ነው። እዚያ ላይ መደበቂያ የለም።

ማንን ገጥሞ ነው የሚለውም አለ። ከትንሽ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ደካማ ተጋጣሚ ሲያደባይ ያምርበታል። ለዚህ ነው በድራፍቱ ዋዜማ ሞቢል፣ አላባማ የሚደረገው ሲኒየር ቦውል የሚጠቅመው። ከጨዋታው ይልቅ ልምምዱ ይበልጣል፦ አንድ አሳዳጅ፣ አንድ ላይንማን፣ ረዳት የለም። አሠራሩ ለአሳዳጁ ያደላል፤ መሸነፍ ያለ ነው። የሚታየው ከሽንፈቱ በኋላ በቀጣዩ ዙር ምን አስተካከለ የሚለው ነው።

ትልቁ መታለል በ1989 የሆነው ነው። የሚሺጋን ስቴቱ ቶኒ ማንዳሪች ከዚያ በፊት ያልታየ ላይንማን ተብሎ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ግሪን ቤይ በሁለተኛ ምርጫ ወሰደው። ከሱ ቀጥለው የተመረጡት ባሪ ሳንደርስ፣ ዴሪክ ቶማስና ዲዮን ሳንደርስ ናቸው፤ ሦስቱም፣ አንደኛ የተመረጠው ትሮይ ኤክማንም ዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። ማንዳሪች ብቻ ቀረ። ኮሌጅ እያለ ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር በ2008 ራሱ ተናገረ። ፊልሙ ላይ የታየው ኃይል የተበደረው ነበር ማለት ነው።

በ2013 አንደኛና ሁለተኛ የተመረጡት ሁለቱም ታክሎች ነበሩ፦ ኤሪክ ፊሸርና ሉክ ጆከል። ጆከል «የማይሳሳት ምርጫ» ይባል ነበር፤ ከ2017 በኋላ ሊጉ ውስጥ አልታየም። አራተኛ የተመረጠው ሌን ጆንሰን ደግሞ ኮሌጅ የጀመረው ኳርተርባክ ሆኖ ነው፣ በኋላ ነው ወደ ታክል የመጣው። «ገና ጥሬ ነው» ይሉት ነበር። ከሦስቱ ረጅሙን ዕድሜና ትልቁን ስም ያገኘው እሱ ሆነ። በ2020ም ከአራቱ ታክሎች መጨረሻ፣ 13ኛ የተመረጠው ዊርፍስ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመቱ ሱፐር ቦውል በላ። ከሱ በፊት የሄዱት አንድሩ ቶማስ፣ ጄድሪክ ዊልስና ሜኪ ቤክተን ናቸው። ቶማስ ተሳካለት። ቤክተንን ጉልበቱ አሰቃየው፣ ዊልስን ክሊቭላንድ ኮንትራቱን ሳያድስለት ቀረ።

ከዚህ ሁሉ እኛ የያዝነው አንድ ነገር ነው፦ የት ገባ የሚለው ምን ነበረ ከሚለው አያንስም። ፊላደልፊያን ተመልከቱ። ጄፍ ስታውትላንድ የሚባል የላይን አሰልጣኝ ከ2013 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ነበረው። ጆርዳን ማይላታ የአውስትራሊያ ራግቢ ተጫዋች ነበር፤ ኮሌጅ ፉትቦል የሚባል አልተጫወተም። በ2018 በሰባተኛው ዙር፣ በ233ኛ ምርጫ ወሰዱት፤ ዛሬ ግራ ታክላቸው ነው። ጄሰን ኬልሲ በ2011 በስድስተኛው ዙር 191ኛ ነበር። 280 ፓውንድ ገደማ ነው፣ ለሴንተር ቀላል ነው አሉት፤ 13 ዓመት ተጫወተ። ዋሽንግተንም ሦስት ሱፐር ቦውል አብሮት የበላውን ጆ ጃኮቢን በ1981 ያገኘው ከድራፍት ውጪ፣ ማንም ካልመረጠው ሰው መሃል ነው።

ለወላጆች

«300 ፓውንድ ይድረስ» ለተባለው ልጅ የምንለው ይሄ ነው። ዊርፍስ ሃይስኩል እያለ ትግል ይታገል ነበር፤ በአዮዋ ሻምፒዮን ለመሆን ክብደት መቀነስ ነበረበት። ጆ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ እያለ ብረት ኳስና ዲስከስ ይወረውር ነበር። ኬልሲ በልጅነቱ ሆኪ ተጫውቷል። የሁሉም እግር የተሠራው በሌላ ስፖርት ነው። ልጃችሁ ኳስ ጨዋታችንን፣ ሶከሩን፣ የሚወድ ከሆነ አታስቁሙት፤ ያንን እግር በጥሬ ሥጋና በፕሮቲን ዱቄት አትገዙትም። ክብደቱ ኮሌጅ ላይ በባለሙያ ይመጣል። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ላይ መጫን ለጉልበቱም ለልቡም ዕዳ ነው። ጆ ቶማስ ራሱ ጡረታ ሲወጣ ወደ 50 ፓውንድ አውርዷል፤ ሲጫወት ያን ክብደት ለመያዝ ሳይርበው ይበላ እንደነበር ተናግሯል።

ቁጥሩንም ሳንነግራችሁ አናልፍም። ኮሌጅ ከሚጫወቱት ውስጥ ኤንኤፍኤል የሚደርሱት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ድራፍቱ ሰባት ዙር ነው፣ በ32 ቡድኖች የሚመረጠው በዓመት 250 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ሰው ነው። ልጁ ከሃይስኩል ከወጣ ሦስት ዓመት ካልሞላው አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከአሰልጣኙ ጋር ስታወሩ ስኮላርሺፑ ምን ይሸፍናል፣ ቢጎዳስ ይቀጥላል ወይ፣ ምን ያጠናል የሚለውን ከክብደቱ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ ስጡን በሉ።

ድራፍቱን ለማየት የምትፈልጉ፣ የመጀመሪያው ዙር ሐሙስ ማታ በዋሽንግተን ሰዓት 8 ላይ ይጀምራል። አገር ቤትና ሳዑዲ ላላችሁ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ዱባይ 10 ሰዓት፣ ጀርመንና ጣሊያን 8 ሰዓት። ታክሎቹን የምታዩት ያን ማታ ነው። ጋርዶችና ሴንተሮች በብዛት የሚሄዱት ግን ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜው በአገር ቤት ሰዓት ከምሽቱ 1 ላይ ስለሚጀምር እንቅልፍ ሳታጡ ልታዩት ትችላላችሁ።